«ለውሻ ስጡት»

በየቤታችን ያልተጻፈ ሕግ አለ። የሻገተ ዳቦ አይጣልም፤ «ለውሻ ስጡት» ይባላል። ውሻ የሌለው ላም ላለው ጎረቤት ይልካል። የሰው ሆድ የማይችለውን የእንስሳ ሆድ ይችላል ብለን ነው። ይህን ሕግ ያፈረሱት ራሳቸው እንስሳቱ ናቸው፤ ታሪኩም ከምንጠጣው ወተት ድረስ ይመጣል።

በ1950ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እየቆጠርን ነው) በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ውሾች ጉበታቸው እየታመመ ይሞቱ ጀመር። ሐኪሞቹ መንስኤው ስለጠፋባቸው በሽታውን «ሄፓታይትስ ኤክስ» አሉት። ኤክስ እንግዲህ በሳይንስ ቋንቋ «አላወቅነውም» ማለት ነው።

በ1960 ደግሞ እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ይህም «የተርኪ ኤክስ በሽታ» ተባለ። ተርኪ ሲሞት ግን ገንዘብም አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ምርመራው ፈጠነ። ጥፋተኛው ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ በቅሎ ነበር፤ መርዙም ከሻጋታው ስም ተቆንጥሮ አፍላቶክሲን ተባለ። የውሾቹም «ኤክስ» በኋላ ሲጣራ ይኸው መርዝ ነበር።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የዓሣ ማርቢያዎች ትራውት የተባሉት ዓሦች ጉበታቸው ላይ ካንሰር ያወጡ ጀመር። እነሱም የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ይበሉ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው ሰው የደነገጠው፦ መርዙ በብዛት ከተበላ ጉበትን ወዲያው ያጠፋል፣ በጥቂት በጥቂቱ ለረጅም ጊዜ ከተበላ ደግሞ ካንሰር ያመጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1987 አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች መደበው። በ2004 ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የተበከለ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞቱ። ውሾቹም ቢሆኑ አላረፉም፤ በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠ የውሻ ምግብ ጋር በተያያዘ ከ110 በላይ ውሾች መሞታቸው ተዘግቧል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፋችሁ ስትሄዱ ሆለታ ትደርሳላችሁ። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ማዕከላቱ አንዷ ሆለታ ነበረች፤ የወተት ላሞችና መኖአቸው እዚያ ሲጠና ኖሯል። ሆለታም፣ ሱሉልታም፣ ሰበታም አዲስ አበባን ወተት ያጠጣሉ። በዚህ ዙሪያ ያሉ የወተት ላሞች ከድርቆሹና ከፉርሽካው ጋር የኑግ ፋጉሎ ይበላሉ። ፋጉሎ ፕሮቲን አለው፣ ወተት ይጨምራል። ኑጉ ወይም ፋጉሎው እርጥበት ካገኘ ግን ያ ሻጋታ ይበቅልበታል።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ በዙሪያዋ ካሉ ከተሞች የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መረመረ። መርዙ በሁሉም ውስጥ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ገደብ (በሊትር 0.05 ማይክሮግራም) ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ ከዚያ ዐሥር እጥፍ ከሆነው ከ0.5 በላይ ነበሩ። ጣት የተቀሰረው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። ውጤቱ ገና ከመታተሙ በፊት በ2015 ወሬው ሲሰማ ወተት እርም ያሉ ነበሩ።

እኛን ያስገረመን የላሟ ነገር ነው። ውሻው ይሞታል፣ ዓሣው ዕጢ ያወጣል፤ ላሟ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳትመስል መርዙን በጉበቷ ለውጣ ከፊሉን በወተቷ ታወጣዋለች። የተለወጠው መርዝ ኤም 1 ይባላል፤ «ኤም» የእንግሊዝኛው «ሚልክ» የመጀመሪያ ፊደል ነው። እንግዲህ የቤታችን ሕግ ለላሟ ግማሽ እውነት ሆኖላታል፤ ሒሳቡን የምንከፍለው እኛና ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ነን። እናቶቻችን «ወተት አፍሉ» ማለታቸው ልክ ነው፣ ግን ለባክቴሪያ ነው። ይህኛው መርዝ በመፍላት አይጠፋም፣ እርጎም ቢሆን አይብም ቢሆን አብሮ ይሄዳል።

ደግነቱ ላሟ የተበከለውን መኖ ካቆመች ወተቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል። ስለዚህ ሥራው ያለው ከላሟ በፊት ነው፦ ኑጉ በደንብ ደርቆ እንዲጨመቅ፣ የፋጉሎው ጆንያ እርጥብ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ፣ ዝናብ የነካው ተለይቶ እንዲወጣ። የከበደው ነገር ከብት አርቢው ጆንያውን ከፍቶ ቢያሸት፣ በጁ ዘግኖ ቢያይ መርዙን አለማግኘቱ ነው፤ ሻጋታው ተራግፎም እንኳ መርዙ እዚያው ይቀራል።