ጎድዚላን የገደለው ሰው ሜዳልያ ተሸልሟል?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ እያስተማርኩ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጎድዚላን የገደለው ሰውዬ ሜዳልያ ተሸልሟል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄ «ፊልምህን ቤትህ እይ» ብዬ አስቀመጥኩት። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

የመጀመሪያው «ጎድዚላ» ጃፓን ውስጥ ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1954 ነው። የጃፓን የራስ መከላከያ ኃይል ከተመሠረተ ገና አራት ወሩ ነበር። በፊልሙ ታንኩም መድፉም አውሬውን ምንም አያደርገውም። የሚገድለው ዶክተር ሴሪዛዋ የሚባል፣ በጦርነት የቆሰለ፣ አንድ ዓይኑን የሸፈነ ሳይንቲስት ነው። የሠራው መሣሪያ በመንግሥታት እጅ እንዳይገባ ስለፈራ ጽሑፎቹን አቃጠለ፤ ባሕር ውስጥ ጠልቆ አውሬውን ገደለ፤ ከዚያ የራሱን ገመድ ቆርጦ ምስጢሩን ይዞ እዚያው ቀረ። መርከቡ ላይ ያሉት ቆመው የክብር ሰላምታ ይሰጡታል። ሜዳልያ የለም። ሰላምታው ግን አለ።

አሁን ወደ እውነተኛው ታሪክ እንምጣ። በዚያው ዓመት ማርች 1 ቀን አሜሪካ ቢኪኒ ደሴት ላይ 15 ሜጋቶን የፍንዳታ ኃይል ያለው የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። «ዳይጎ ፉኩሪዩ ማሩ» የምትባል የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ በአካባቢው ነበረች። ስሟ «አምስተኛው ዕድለኛ ዘንዶ» ማለት ነው፤ ዕድሏን እዩልኝ! 23ቱ ሠራተኞች ላይ ነጭ አመድ ዘነበባቸው። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ አይኪቺ ኩቦያማ ሴፕቴምበር 23 ቀን ሞተ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ሕጋዊ ኃላፊነት ሳትቀበል 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ከተረፉት መካከል መገለል የደረሰባቸውና ታሪካቸውን ደብቀው የኖሩ አሉ። ፊልሙም የሚጀምረው በድንገተኛ ብርሃን በምትጠፋ ጀልባ ነው። ያኔ ሲኒማ ቤት የገባው ጃፓናዊ ነገሩ ወዴት እንደሆነ ወዲያው ገብቶታል።

ታዲያ እኔን የከነከነኝ ይኼ ነው፦ ለሌለው ሰው ሰላምታ እንሰጣለን፤ ከእውነተኛው ሰው ግን ፊታችንን እናዞራለን።

በ2023 የወጣው «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ይህንን ነገር ያነሳል። (ያላያችሁ ይቅርታ፣ መጨረሻውን ልነግራችሁ ነው።) ጀግናው አጥፍቶ እንዲጠፋ ተልኮ ሳይሞት የተመለሰ አብራሪ ነው። ሰፈሩ ሲደርስ ጎረቤቱ «እናንተ ብትዋጉ ኖሮ ልጆቼ አይሞቱም ነበር» በሚል ስሜት ታወርድበታለች። አውሬውን የሚገጥሙት ሠራዊታቸው የተበተነባቸው የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ዕቅዳቸው ደግሞ ማንም ሳይሞት መመለስ ነው። አብራሪውም በመጨረሻ በመውጫ ወንበር ዘሎ ይተርፋል። በ1954 ክብሩ በመሞት ነበር፤ እዚህ በመኖር ሆነ።

ይህንን ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ሠራዊት አንዱ ነበር። ሰላምታ የሰጠው ሰው አላየሁም። ቀበቶውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ሞተ፤ እኔ የታሪክ መምህር ሆኜ አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ የት የት ነበርክ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ስለ ናፖሊዮን ግን ደህና አድርጌ አውቃለሁ።

ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያንን ልጅ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የቤት ሥራውም ተዘጋጅቷል፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ አንድ የቀድሞ ወታደር ፈልጎ፣ የየትኛው ጊዜ ይሁን የየትኛው ወገን ሳይል፣ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ ያልተጠየቀ ሰው የለም? ሳይመሽባችሁ ጠይቁት።