መለያ የሌለው ጆንያ

ወደ ቢሲዬ ኮረብታ መኪና አይገባም ነበር። ከዋናው መንገድ ተነስቶ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር መሄድ ግድ ነበር። ተሸካሚዎች 50 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ በጀርባቸው አዝለው በዚያ ጭቃ ሁለት ቀን ያህል ይጓዙ ነበር። ጆንያው ከጫካው ሲወጣ ደግሞ አስፋልቱን እንደ ማኮብኮቢያ በሚጠቀሙ አሮጌ የሶቪየት አውሮፕላኖች ተጭኖ ወደ ጎማ ከተማ ይሄድ ነበር። የተሸከሙት ካሲተራይት ነው፤ ቆርቆሮ ቀልጦ የሚወጣበት፣ በኋላም የስልክና የኮምፒውተር ብየዳ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ። በምሥራቅ ኮንጎ፣ በዋሊካሌ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ማዕድኑ እንደተገኘ ከ10,000 በላይ ሰው የሰፈረባት የቆፋሪዎች ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቀለች። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁፋሮው ለኮንጎ አዲስ አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመን የቤልጂየም ኩባንያዎች በኪቩና በማኒየማ ቆርቆሮ ያወጡ ነበር፤ በ1976 ተዋህደው ሶሚንኪ የተባለውን ድርጅት ፈጠሩ። በ1985 የዓለም የቆርቆሮ ዋጋ ሲወድቅ ድርጅቱ እየከሰመ ሄደ፤ የኩባንያ ደመወዝተኛ የነበረውም በአካፋና በመዶሻ ለራሱ ቆፋሪ ሆነ። ከ1996 ወዲህ ጦርነት ተጨመረበት። በቢሲዬ ለምሳሌ አንድ የመንግሥት ጦር ብርጌድ ጉድጓዶቹን ለዓመታት ይዞ ከየጆንያው ግብር ይሰበስብ ነበር።

ይህ ነው በሩቅ አገር ያሉ ተሟጋቾችን ያስቆጣው፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። በሐምሌ 2010 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ዶድ-ፍራንክ የተባለው የፋይናንስ ሕግ በአንቀጽ 1502 ቆርቆሮን፣ ታንታለምን፣ ተንግስተንንና ወርቅን የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ማዕድኑ ከኮንጎ ወይም ከጎረቤቶቿ የመጣ እንደሆነ እንዲመረምሩና እንዲያሳውቁ አዘዘ። ሕጉ መግዛትን አልከለከለም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ነገር ግን ከኮንጎ መግዛት ማስረጃ፣ ወጪና መጥፎ ስም ማለት ከሆነ፣ ለገዢው ቀላሉ ነገር ሌላ አገር መሄድ ነው።

በመስከረም 2010 የኮንጎው ፕሬዚዳንት ካቢላ በሰሜን ኪቩ፣ በደቡብ ኪቩና በማኒየማ ቁፋሮን አገዱ። እገዳው እስከ መጋቢት 2011 ጸና፤ ሲቪሉ ሲከለከል ወታደሮች ግን በአንዳንድ ቦታ ቁፋሮውን ቀጥለው ነበር። እገዳው ሲነሳ ሌላ ጣጣ መጣ። ከሚያዝያ 2011 መባቻ ጀምሮ ትልልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ማቅለጫዎቻቸው ከግጭት ነፃ መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ ጠየቁ፤ በኪቩ ያለው ጆንያም ገዢ አጣ። ሰዉ ይህን ሁሉ «የኦባማ ሕግ» ብሎ ጠራው። በሥራው የሚኖረው ቆፋሪው ብቻ አልነበረም፤ ተሸካሚው፣ ምግብ ሻጯና ደላላውም ገቢያቸው አብሮ ቆመ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ሕጉ በነካቸው የማዕድን ማውጫዎች አጠገብ ባሉ መንደሮች የጨቅላ ሕፃናት ሞት ቢያንስ በ143 በመቶ እንደጨመረ ገምቷል፤ ተመራማሪዎቹ ምክንያት ያሉት የእናቶች የሕክምናና የምግብ አቅም መዳከሙን ነው።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው የፕላስቲክ መለያ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆንያው ይመዘናል፣ ቁጥር ያለው መለያ ይታሰርበታል፣ ነጋዴው ዘንድ ሲደርስ ሌላ መለያ ይጨመራል፤ ቁጥሮቹም በመዝገብ ይሰፍራሉ። የቆርቆሮ ኢንዱስትሪው ያቋቋመው ይህ አሠራር በ2011 በኮንጎዋ ካታንጋና በሩዋንዳ ተጀመረ። ኪቩ ጠበቀች፤ በደቡብ ኪቩ የኒያቢብዌ ማዕድን ማውጫ ተራ የደረሰው በ2012 ነበር። እዚያ ፊሊፕስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በደች መንግሥት አስተባባሪነት ገዢ ሆነው መጡና ሥራው ተነቃቃ። መለያ ያልደረሳቸው ጉድጓዶች ግን ከሕጋዊው ገበያ ውጭ ቀሩ፤ በ2014 ሰባ ምሁራንና ባለሙያዎች የጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ቅሬታም ይኸው ነበር፦ በመቶዎች ከሚቆጠሩት የማዕድን ማውጫዎች አሠራሩ የደረሰው ጥቂቶቹን ብቻ ነው።

መለያው ራሱ ሸቀጥ መሆኑ አልቀረም። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በሩዋንዳ መለያዎች በጥቁር ገበያ እንደሚሸጡ ዘገቡ፤ ከኮንጎ ድንበር ተሻግሮ የገባ ማዕድን የሩዋንዳ ቁጥር ታስሮበት ሕጋዊ ይሆናል ማለት ነው። የአሠራሩ ወጪስ? በየኪሎው የሚከፈለው ቀረጥ ከላይ ቢጣልም ነጋዴው ለቆፋሪው ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል። ንጹሕ ቆርቆሮ የፈለገው ገዢ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን ጉድጓድ ውስጥ ያለው ነው።

ቢሲዬ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች። ፈቃዱ አልፋሚን ለተባለ ኩባንያ ደረሰ፣ ቆፋሪዎቹ ኮረብታውን ለቀቁ፣ መንገድ ተሠራ፣ በ2019 ዘመናዊው የማዕድን ማውጫ ማምረት ጀመረ። የድንጋዩ የቆርቆሮ ይዘት በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነው፤ ከዓለም ምርትም 6 በመቶ ገደማ ከዚያ ይወጣል። ይህም ቢሆን ከጦርነት አላዳነውም፤ አማፂው ቡድን ኤም 23 በመጋቢት 2025 ዋሊካሌን ሲይዝ ኩባንያው ሥራውን ለጊዜው አቁሞ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረትም በጥር 2021 የአሜሪካውን ሕግ የመሰለ ደንብ በሥራ ላይ አዋለ። በምሥራቅ ኮንጎ ካሉት ባህላዊ ማዕድን አምራቾች አብዛኞቹ ግን የሚቆፍሩት ቆርቆሮ ሳይሆን ወርቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጆንያም መለያም አያስፈልግም፣ አንድ ኪሎ በካፖርት ኪስ ገብቶ ድንበር ይሻገራል። አብዛኛው በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በቡሩንዲ በኩል አልፎ ዱባይ ይደርሳል።