የሁለተኛው ሐኪም ፊርማ፦ የጽንስ ማቋረጥ ሕግና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሴቶች

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በወንጀልነት ሲደነግግ ለታመመች ሴት አንድ ጠባብ በር ትቶላት ነበር። በአንቀጽ 534 መሠረት እርግዝናው በእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤንነት ላይ ከባድና ዘላቂ አደጋ የሚያስከትል ከሆነና አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ ካልተቻለ፣ ጽንሱን ማቋረጥ አያስቀጣም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ የተመዘገበ ሐኪም አደጋውን መርምሮ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረበት። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሴቲቱ በያዛት በሽታ ልዩ ሥልጠና ያለውና በሚመለከተው ባለሥልጣን ሥልጣን የተሰጠው ሁለተኛ ሐኪም መስማማት ይጠበቅበት ነበር።

ሕጉ በወጣበት ጊዜ ግን በአገሪቱ አንድም የሐኪሞች ማሠልጠኛ አልነበረም። በጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የሚያስመርቀው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጥቂቶቹ ልዩ ሐኪሞችም አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በዋና ከተማው ነበር። በመሆኑም የልብ ሕመም ያለባት አንዲት የገጠር ሴት ሕጉ የፈቀደላትን ለማግኘት በመጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎም የልብ ሐኪም ማግኘት፣ ይህንም ሁሉ እርግዝናዋ ሳይገፋ መፈጸም ነበረባት። ፈቃዱ በወረቀት ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕጉ የመረጣቸው ቃላትም ለሥር ሰደድ ሕመም የተመቹ አልነበሩም። በኢትዮጵያ ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየውን የሩማቲክ የልብ ሕመም ለአብነት መውሰድ ይቻላል። የማይትራል ቫልቯ የጠበበ ሴት ከማርገዟ በፊት ደኅና መስላ ልትኖር ትችላለች። በእርግዝና ወቅት የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ የልብ ምቷም ይፈጥናል። ልብ በፈጠነ ቁጥር ደም በጠበበው ቫልቭ የሚያልፍበት ጊዜ ስለሚያጥር ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባዋ ውኃ ይቋጥራል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይደርስም፤ ጫናው ከሁለተኛው ሦስት ወር ጀምሮ እየበረታ ሄዶ በወሊድና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጣሪያ ላይ ይደርሳል። በስምንተኛው ሳምንት ወደ ክሊኒክ የመጣችው ይህች ሴት «ከባድና ዘላቂ አደጋ» ላይ ነች? በዚያን ዕለት ደረጃ ስትወጣ ብቻ የሚደክማት ልትሆን ትችላለች። በሃያ ስምንተኛው ሳምንት መተንፈስ ሲያቅታት አደጋው በእርግጥ ለማንም ግልጽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ጽንሱን ማቋረጥ ራሱ ለልቧ ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው። ለዲጎክሲንና ለፉሮሴማይድ ምላሽ ከሰጠች ደግሞ አደጋው «በሌላ መንገድ የሚወገድ» ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ሕጉ የተጻፈው ድንገት ለሚመጣ አደጋ ሲሆን፣ የእርሷ አደጋ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነበር።

በሩ የተዘጋባት ሴት ሁልጊዜ እርግዝናዋን አትቀጥልም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተደረገ የማኅበረሰብ ጥናት የእናቶችን ሞት ካስከተሉ ምክንያቶች ቀዳሚው የውርጃ ጠንቅ ሆኖ ተገኝቷል። ንጽሕና በጎደለው መሣሪያ የሚፈጸም ውርጃ ለማንኛዋም ሴት አደገኛ ቢሆንም፣ የተጎዳ ቫልቭ ላላት ወደ ደም የገባ ተሕዋስ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛዋ ኢንፌክሽኑን የመቋቋም አቅሟ ዝቅተኛ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ኖሯት ዋርፋሪን የምትወስደው ደግሞ ደሟ በቀላሉ አይቆምም።

የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ የኢትዮጵያ ብቻ ፈሊጥ አልነበረም። በአሜሪካ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሆስፒታሎች ጉዳዩን ለሐኪሞች ኮሚቴ ያቀርቡ ነበር። በፖላንድ የ1993ቱ ሕግ ለእናቲቱ ጤና አስጊ የሆነ እርግዝና እንዲቋረጥ ቢፈቅድም፣ አደጋውን የሚያረጋግጠው ሐኪም አገልግሎቱን ከሚሰጠው የተለየ እንዲሆን አዝዟል። በዚህ መካከል ምን ሊደርስ እንደሚችል የአሊሺያ ቲሾንትስ ጉዳይ በግልጽ አሳይቷል። ከፍተኛ የዓይን ዕይታ ጉድለት የነበረባት ይህች ሴት በ2000 ሦስተኛ ልጇን አረገዘች። ያየቻቸው ሦስት የዓይን ሐኪሞች እርግዝናው ለዕይታዋ እንደሚያሰጋ ቢገነዘቡም የምስክር ወረቀት ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም፤ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወረቀቱን ቢጽፍላትም የማሕፀን ሐኪሙ አልተቀበለውም። ከወለደች በኋላ ዕይታዋ ክፉኛ ደከመ። የፖላንድ ዐቃቤ ሕግ ጉዳቱን ከእርግዝናው ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2007 የፈረደው በሌላ ነጥብ ላይ ነው፤ ሕጉ ፈቃድ ሰጥቶ ሳለ፣ ሐኪሞች ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳዩን በጊዜው የሚወስን ሥርዓት አለመኖሩ የግል ሕይወት የመከበር መብቷን ጥሷል በማለት 25,000 ዩሮ ካሣ ወሰነላት። ሦስቱ የዓይን ሐኪሞች የበሽታዋን ሁኔታ ያውቁ ነበር፤ ያላደረጉት ነገር ቢኖር መፈረም ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ይህን መሰናክል ከሕጓ አስወግዳለች። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 የእርግዝናው መቀጠል የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ጽንሱን ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ደነገገ። «ከባድና ዘላቂ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ቀረ፤ ሁለተኛው ፊርማም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ለሥር ሰደድ ሕመም የጠቀመው ግን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው የአፈጻጸም መመሪያ ነው። መመሪያው ሴቲቱ አገልግሎቱን በምትጠይቅበት ሰዓት የግድ ታማ መገኘት እንደማያስፈልጋት በግልጽ አስፍሯል፤ እርግዝናው መቀጠሉ ወይም መውለዷ ጤናዋን የሚያሰጋ መሆኑን በቅን ልቦና የመመዘን ኃላፊነቱንም ለጤና ባለሙያው ሰጥቷል። ከላይ የተጠቀሰችው ሴት በስምንተኛው ሳምንት ላይ፣ ሳንባዋ ሳይታመም፣ አነስተኛ አደጋ ባለው ዘዴ የምትረዳበት መንገድ የተከፈተው በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። መካከለኛ ባለሙያዎችም አገልግሎቱን እንዲሰጡ በመፈቀዱ ጤና ጣቢያዎች የድርሻቸውን መሥራት ጀመሩ። በአገሪቱ ከተፈጸሙት ውርጃዎች ውስጥ በጤና ተቋም ሕጋዊ በሆነ መንገድ የተከናወኑት እ.ኤ.አ. በ2008 በግምት 27 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ2014 ወደ 53 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ሕግ ግን ወደ ኋላም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግማሽ ምዕተ ዓመቱን የሮ እና ዌድ ውሳኔ ሲሽር፣ በርካታ ክፍለ አገሮች ጽንስ ማቋረጥን የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ከለከሉ። ጤናን ሳይሆን ሕይወትን ብቻ መለኪያ ማድረግ ማለት ለኩላሊት ወይም ለልብ ሕመምተኛዋ እስክትደክም መጠበቅ ማለት ነው። ያልታሰበ ነገርም ተከተለ፤ የመገጣጠሚያ ብግነትና ሉፐስ ያለባቸው፣ እርጉዝም ያልሆኑ ሴቶች ሜቶትሬክሴት ለማግኘት ተቸገሩ፤ መድኃኒቱ ጽንስ የማቋረጥ ባሕርይ ስላለው አንዳንድ ፋርማሲዎች ማዘዣውን ለመቀበል ማመንታት ጀምረው ነበርና።

በአገራችን የሕጉ በር ከተከፈተ በኋላ የቀረው ክፍተት በክትትል ክፍሎቻችን ውስጥ ነው። የልብ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትል የሚሰጠው በውስጥ ደዌ ክፍል፣ የቤተሰብ ምጣኔና ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት ደግሞ በሌላ ሕንፃ ነው። ሶዲየም ቫልፕሮዬት የምትወስድ ወጣት የመድኃኒት ማዘዣዋ በየሦስት ወሩ ይታደስላታል፤ ለመውለድ ታስብ እንደሆነ፣ መከላከያ ትጠቀም እንደሆነ የሚጠይቃት ግን አልፎ አልፎ ነው። መድኃኒቱ በማሕፀን ውስጥ ከተጋለጡ 100 ሕፃናት በ10 ያህሉ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት እንደሚያስከትል የሚያውቀው ያዘዘላት ሐኪም ነው፤ ማርገዟን ቀድሞ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ነው፣ በእጁም የሕመምተኛዋ ካርድ የለም።