የሐራጅ ዝምታ

በ1996 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ወዳጄ ከጋዜጣ የተቀደደች ማስታወቂያ ይዞ መጣ። «ነገ ሐራጅ አለ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። እሱ ነጋዴ ነው። እኔ ከወር ደሞዝ ሌላ የማውቀው የለኝም፤ ግን ያን ሰሞን ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበርና ድርሻ ላስገባ ተስማማሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ባንኩ ዕዳ ያልተከፈለበትን ቤት ይሸጣል፤ እኛ ከገበያው ባነሰ ዋጋ እንገዛለን፤ ቀለም ቀብተን፣ አጥር አድሰን እንሸጣለን።

ማስታወቂያዋን ደጋግሜ አነበብኳት። የተበዳሪ ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ። ተጫራች የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል፤ ያሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ያስያዘው አይመለስለትም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 እስከ 6። የሰው ዕድሜ ልክ ልፋት አንድ ጣት በማትሞላ ቦታ ተጠቃልሎ ተቀምጧል።

ከባንኩ በር ላይ አንድ ደላላ ጠበቀን። ጠጋ ብሎ «ዛሬ ማንም አፉን እንዳይከፍት» አለን። ለምን? «ዛሬ ተጫራች ከጠፋ ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል። ያኔ ይረክሳል።» ለካ ሁሉም ሰምቷል! አዳራሹ ውስጥ ሃያ የምንሆን ሰዎች ሲፒኦአችንን በኪሳችን ይዘን ተቀመጥን። ከኋላ ወንበር ላይ ኮታቸውን የቆለፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቱ ናቸው። ሠራተኛው መነሻ ዋጋውን አንብቦ «የሚጫረት አለ?» አለ። ዝም። ደገመው። ዝም። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ተጫራች አለመቅረቡ በቃለ ጉባዔ ተጻፈ። ተበተንን።

ስለዚያ ዝምታ ለመጻፍ እስክበቃ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። በመሀሉ ግን የዕዳን ነገር ከሥሩ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ድሮ በአገራችን ዕዳ የሚያዘው በሰው ገላ ነበር። «ቁራኛ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይታሰራል፤ ወይም የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ሁለቱም አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የሚገርመው አበዳሪውም መታሰሩ ነው። ባለዕዳው በቀን ስንቴ እንደሚተክዝ እያየ ይውላል። አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ይህን እያዩ በመደነቅ ጽፈውታል።

ሌላው መንገድ ወለድ አገድ ነው። ብር የቸገረው ባለርስት መሬቱን ለአበዳሪው ያስይዛል። አበዳሪው እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል። ዋናው ብር የተመለሰ ዕለት መሬቱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ርስት ባለበት አገር መሬትን ለዘለቄታው መሸጥ በአብዛኛው የሚያስነቅፍ ስለነበር፣ ወለድ አገድ ተበዳሪውን ከነተስፋው ያቆየው ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስሙን ሳይለውጥ አስገብቶታል።

ይኸው ሕግ ታዲያ ለዘመናዊው መያዣም ቦታ ሰጠ። ግን ጥንቃቄ አደረገ። ተበዳሪ ሲቸግረው የማይፈርመው ነገር የለምና፣ «ካልከፈልኩ የሕጉን ሥርዓት ሳትጠብቅ ውሰደው፣ ሽጠው» የሚል ውል ፈራሽ ነው አለ። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤት ንብረት አስከብሮ፣ አስገምቶ፣ በማስታወቂያ በሐራጅ የሚሸጥበትን ደንብ ዘረዘረ። «ሐራጅ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ የገበያ ቃል ነው፤ በግልጽ፣ በአደባባይ፣ እየጮኹ መሸጥ። ጩኸቱ የመጣው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ዋጋ በድብቅ እንዳይቆረጥ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ከግል ቤት ኪራይ መሰብሰብ ተከለከለ። እንግዲህ ቤት ገዝቼ ልነግድ የሚል ሰው ያን ጊዜ የት ይገባል? በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ እስኪታወጅ ድረስ የቤት ነጋዴ የሚባል ሰው እንደልቡ መላወስ አልቻለም።

መንግሥት ተለወጠ። በ1986 የባንክ ሥራ ለግል ተፈቀደና የግል ባንኮች ተከፈቱ። ብድሩ በዛ፤ የማይመለሰውም በዛ። ባንክ ከስሶ እስኪያስፈርድ ዓመታት ይሄዳሉ። ስለዚህ በ1990 አዋጅ ቁጥር 97 ወጣ። ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ መያዣውን ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ተሰጠው። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ ንብረቱን ራሱ ሊረከበው ይችላል። አዋጁ በ1992 ተሻሽሏል።

በዚህ ባንኮችን የሚያማ ይኖራል። እኔ አላማቸውም። ያበደሩት የእኔና የእናንተን ተቀማጭ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በድሮው ቁራኛ አበዳሪና ባለዕዳ ፊት ለፊት ነበሩ። በፍርድ ቤት መሀላቸው ዳኛ ገባ። በ1990ው ሕግ ዳኛው ከሽያጩ ሲወጣ ለባለዕዳው ዋጋ የሚሟገትለት ማን ቀረ? ተጫራቹ! እኛ! ቤቱ ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ የባለዕዳው ነው። ከዕዳው በታች ከወጣ ቀሪው ዕዳ ይከተለዋል። እኔ የምጨምራት እያንዳንዷ ሺህ ብር ወይ ኪሱ ትገባለች፣ ወይ ዕዳውን ታቀልለታለች።

ዝምታ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ዝምታ ባለዕዳን ያዳነበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ስትመታ፣ እንደ አዮዋና ነብራስካ ባሉ ግዛቶች የገበሬው እህል ዋጋ አጣ፤ እርሻውና ከብቱ በዕዳ ለሐራጅ ይወጣ ጀመር። ጎረቤት ገበሬዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። ለአንድ ፈረስ አምስት ሳንቲም፣ ለአንዲት ላም አሥር ሳንቲም ይጠራሉ። ሌላው ሁሉ ጭጭ! ከውጭ የመጣ ነጋዴ ዋጋ ሊጨምር ካሰበ ዙሪያውን ያያል። አንዳንድ ቦታ ከጎተራው ላይ የተቋጠረ ገመድ ተንጠልጥሏል። መልእክቱ ይገባዋል። በሳንቲም የተገዛው ሁሉ በዚያው ዕለት ለባለቤቱ ይመለሳል። «የሳንቲም ሐራጅ» ተባለ።

ገመዱ ግን ማስፈራሪያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 አዮዋ ውስጥ ለ ማርስ በተባለች ከተማ ገበሬዎች አንድን ዳኛ ከችሎት ጎትተው አወጡ። እርሻ የሚያስወስድ ትእዛዝ አልፈርምም እንዲል ጠየቁት፤ እንቢ ሲል አንገቱ ላይ ገመድ አስገቡ። ደግነቱ አልገደሉትም። ወታደር ገባ። በዚያው ዓመት ሚኒሶታ የዕዳ መክፈያ ጊዜ የሚያራዝም ሕግ አወጣች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1934 በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው።

እናላችሁ፣ የአዮዋ ገበሬዎች ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን። እነሱ ዝም ያሉት ለጎረቤታቸው ቤቱን ለመመለስ ነው። እኛ ዝም ያልነው የሰውየውን ቤት ለማርከስ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ወርቁ ማን ኪስ እንደገባ ማየት ነው እንጂ!

የእኛ ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ሐራጅ በዝቅተኛ መነሻ ወጣ። ወዳጄ ከመነሻው ትንሽ ከፍ አድርጎ አሸነፈ። እኔ ድርሻዬን አላስገባሁም። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼ ነው። የሊዝ ውዝፍ፣ ግብር፣ ነዋሪ ማስወጣት የሚባል ጣጣ ሰምቼ ገንዘቤ እንዳይቀር ሰጋሁ። የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ላይ ግን ሙሉ ድርሻ አለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌውን አንድ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። አወቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ እዚያ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ አባባ። ግን የገዛሁት እኔ አይደለሁም።»

«የገዛውማ ምን አደረገ? ተበድሬያለሁ፤ ለልጄ ንግድ ብዬ አስይዣለሁ፤ አልተከፈለም፤ ተሸጠ። የሚገርመኝ የፊተኛው ቀን ነው። ያን ሁሉ ሰው ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ዕዳው ተከፍሎ ለሁለት ክፍል ቤት መግዣ ይተርፈኛል ብዬ። አንድ ሰው እንኳ አፉን ሳይከፍት ወጣችሁ።»

ምን ልበል? ንፍሮ አቀረብኩላቸው። ዘግነው ለእኔም ሰጡኝ።

ዛሬም ጋዜጣ ስገልጥ የሐራጅ ማስታወቂያ ዓይኔን ይይዘዋል። ሐራጅ የገዛ ሁሉ የሰው እንባ ገዛ ብለው የሚያወግዙ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ገዢ ባይኖር ለባለዕዳው ይብሳል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ምሳር ሳይዙ መሄድ ግን ይቻላል። ካርታውን አጣሩ፣ ውዝፉን ጠይቁ፣ ቤቱን አይታችሁ ሂዱ። በር ላይ «ዛሬ ዝም በሉ» የሚላችሁ ሰው ከመጣ ደግሞ አልፋችሁት ግቡ። ቤቱ ያወጣል የምትሉትን ዋጋ ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው እየሰማችሁ ነው።