ባዶቤ፦ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር

ጓሉ ድንጋይ ይመስላል። አብዛኛው ክፍሉ ግን ከዱቄት የላመ ሸክላ ነው። ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ባለችው ገዳሪፍ «ባዶቤ» ይሉታል፤ ድንበር ተሻግሮ ወደ አማራ ምድር ሲገባ «ዋልካ» ይሆናል።

የሸክላው ቅንጣቶች እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበሩ ናቸው። ክረምት ውኃ በየቅጠሉ መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ትራክተር ሳይቀር ይይዛል። በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። መሬቱ ራሱን ያርሳል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጥቁረቱ ያታልላል፤ ብስባሹ ጥቂት ነው።

ምንጩ ባዛልት ድንጋይ ነው፦ ከፊሉ እዚያው ገዳሪፍ የፈራረሰ፣ ከፊሉ ወንዞች ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርገው ያወረዱት። በዚህ አፈር ላይ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ዋናዎቹ ሰብሎች ዛሬም ማሽላና ሰሊጥ ናቸው።