ዋንጫውና ወረቀቱ፦ የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ቅርሶች ስለ ዘመናቸው ምን ይመሰክራሉ?

የታሪክ ምንጭ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው የብራና ዜና መዋዕል፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወይም የመንግሥታት ውል ነው። ያረጀ የኳስ ማልያ፣ ጠርዙ የተቀደደ የስታዲዮም መግቢያ ቲኬት፣ የተጫዋቾች ስም የታተመበት ወረቀትና የደበዘዘ የቡድን ፎቶግራፍ ግን የጨዋታ ማስታወሻ ተብለው ይታለፋሉ እንጂ እንደ ምስክር አይቈጠሩም። ይህ አጭር ጥናት አንድ ውድድር ብቻ ይዞ፣ ይኸውም በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከእነዚህ ዕቃዎች ታሪክ ሊነበብ እንደሚችል፣ ሲነበብም ጥንቃቄ እንደሚያሻ ለማሳየት ይሞክራል። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ እናስታውስ። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከግብጽ ቡድን ጋራ ለፍጻሜ ተገናኘች። ግብጾች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ ኢትዮጵያውያንም ሁለቱንም ጊዜ፣ በ74ኛው ደቂቃ በግርማ ተክሌ፣ በ84ኛው በሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አቻ አደረጉ። በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ ቀን ቅርሶች ሁሉ የከበረው ይህ ዋንጫ ነው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ አልቀረም። በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በግብጻዊው በዓብዱልዓዚዝ ዓብደላ ሳሌም ስም የተጠራው ይህ የብር ዋንጫ ከአሸናፊ ወደ አሸናፊ የሚዞር ነበር። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ግን ለዘለዓለም ይወስደዋል፤ ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. ጋና ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ የራሷ አደረገችው። እንግዲህ ለእኛ የቀሩት ዋጋቸው አነስተኛ የሚመስሉት ወረቀትና ፎቶግራፍ ናቸው። ዋንጫ የሚናገረው ማን እንዳሸነፈ ነው፤ ዘመኑ ምን ዓይነት ዘመን እንደ ነበረ የሚናገረው ግን ወረቀቱ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የአራቱን ተወዳዳሪዎች ስም ብቻ እንመልከት። ግብጽ የተጫወተችው «የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ» በሚል ስም ነበር፤ ሶርያ በዚያው ዓመት በመስከረም ከኅብረቱ ብትወጣም ካይሮ ስሙን አልተወችም። ዩጋንዳ ስትሰለፍ ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ነፃነቷን ያገኘችው በመስከረም 1955 ዓ.ም. ነው። ቱኒዚያ ነፃ ከወጣች ስድስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ኤርትራ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ነበረች፤ ፌዴሬሽኑም የፈረሰው ከፍጻሜው ጨዋታ አሥር ወር ያህል በኋላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ነው። አራት ስም ያለበት አንድ ወረቀት የአንድ አህጉር ሽግግር የተጻፈበት ገጽ ሆነ ማለት ነው።

የተጫዋቾቹም ስም እንዲሁ ነው። ሉቺያኖና ኢታሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። ከቅዱስ ጊዮርጊሱ ከመንግሥቱ ወርቁ ጎን ቆመው በአንድ ፎቶግራፍ ይታያሉ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ያ ፎቶግራፍ የሁለት አገሮች ትዝታ ሆኗል። ሉቺያኖ የተጫወተበት የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድንም በስሙ ብቻ ሌላ ነገር ያስታውቃል፤ ይኸውም በባቡሩ ከተማ ፋብሪካው ሥራን ብቻ ሳይሆን የዕረፍት ጊዜንም ያደራጅ እንደ ነበረ ነው።

ወደ ኋላ ብንሄድ ይኸው ምስክርነት ይቀጥላል። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በወረራው ዘመን በግድ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ፤ ወራሪው የሰፈር ልጆችን የኳስ ቡድን ስም እንኳ ሳይለውጥ አላለፈም። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጋጣሚዎች የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። የዚያን ጊዜዋን አዲስ አበባ ነዋሪዎች ለማወቅ ይህን ዝርዝር ማንበብ ብዙ ይረዳል።

ሆኖም ቅርስ ብቻውን ሊያሳስትም ይችላል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው ውድድር ኢትዮጵያ ሁለተኛ መውጣቷን መዝገብ ያሳያል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ቡድኑ ተጋጣሚውን ጥሎ ለፍጻሜ የደረሰ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ልትሆን የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። የውጤቱን ሰንጠረዥ የዘር መድልዎ ታሪክ ካልተጨመረበት በቀር በትክክል ማንበብ አይቻልም።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ዕቃውን መጠበቅ፣ ቃሉንም ከዕቃው ጋራ ማሰር። ሁለተኛው አይዘገይም። የዚያን ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን በ1979፣ መንግሥቱ ወርቁን በ2003፣ ሉቺያኖ ቫሳሎን በ2015 ዓ.ም. ሞት ወስዷቸዋል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የቡድን ፎቶግራፍ በጀርባው ስም ካልተጻፈበት፣ ለይቶ የሚያውቀው ሽማግሌ ባለፈ ቀን ዲዳ ይሆናል። ለታሪክ ተማሪ የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ ገንዘብና መሣሪያ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ሽማግሌው መሄድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆኑ መጠየቅ፣ ቦታውንና ዓመቱን ጨምሮ በእርሳስ መጻፍ ነው።