ቴሌማቲክስ፦ የርቀት ነገራ

ከደወሌ የመጣ ተሳቢ ድሬዳዋ መግቢያ ላይ ጥላ ፈልጎ ቆመ እንበል። ሰዓቱ ስምንት ነው፤ ፀሐዩም የድሬ ፀሐይ። ረዳቱ ጫት ሊገዛ ወርዷል። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ጋደም ከማለቱ ስልኩ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለው ባለንብረት ነው፤ «ምነው ቆምክ?» ይላል። ሹፌሩ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሰማይ ቀና አለና «ሳተላይቱ አየኝ» ሲል አጉረመረመ።

ሳተላይቱ ግን አላየውም። ጂፒኤስ የሚመስለው ሬዲዮ ጣቢያን ነው። 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያሰራጫሉ፤ መኪናው ላይ ያለው መቀበያ ቢያንስ የ4ቱን አዳምጦ የት እንደቆመ ራሱ ያሰላል። ሬዲዮ ጣቢያ ማን እንደሚያዳምጠው እንደማያውቅ ሁሉ፣ ሳተላይቱም ስለ ሹፌሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ወሬውን ያደረሰችው ዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀች ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነች። ውስጧ ሲም ካርድ አለ። ቁልፉ መቼ እንደዞረ፣ ፍጥነቱ ስንት እንደደረሰ፣ አንዳንዷም ናፍጣው ምን ያህል እንደጎደለ መዝግባ በሞባይል ኔትወርክ ትልካለች። ይህ መዝግቦ የመላክ ሥራ ነው ቴሌማቲክስ የሚባለው።

ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ሲሞን ኖራና አላን ማንክ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመንግሥታቸው ባቀረቡት ሪፖርት «ቴሌኮሙኒካሲዮን»ን ከ«ኢንፎርማቲክ» አዳቅለው «ቴሌማቲክ» አሉ። ድሬዳዋ ለፈረንሳይኛ ባዳ አይደለችም፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ወዲህ «ላ ጋር»ን (ባቡር ጣቢያን) ለገሃሬ ብላ የሰፈር ስም እንዳደረገችው ይነገራል። ቴሌማቲክስ ግን እንዲህ በቀላሉ አፍ የሚለምደው አይመስለኝም።

ቢሮዎች «የተሽከርካሪ መከታተያ» ይላሉ። አይከፋም፤ ነገር ግን መከታተል ሲባል ከኋላ የሚመጣ ሌላ ሰው ያለ ይመስላል፤ እዚህ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የምንነዳው መኪና ራሱ ነው። ስለዚህ «የርቀት ነገራ» ብንለውስ? «ርቀት»ን ከርቀት ትምህርት፣ «ነገራ»ን ከተረት ነገራ ለምደናቸዋል። ትንሽ የማሳበቅ ቃና አለው የሚለኝ ካለ፣ እኔም የመረጥኩት ለዚሁ ነው።

ሳጥኗ ያለ ምክንያት አልመጣችም። መንግሥት የሕዝብና የጭነት ተሽከርካሪዎች የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ እንዲገጥሙ መመሪያ ያወጣው የመንገድ አደጋው ብዙ ሰው ስለጨረሰ ነው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ከመንገዱ ወጥቶ እንዳይሰወርም ትጠቅማለች። ባለንብረቱም ንብረቱን መጠበቁ አያስወቅሰውም። ጥያቄው ወሬው ከባለንብረቱ አልፎ ማን ጋ ይደርሳል የሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የደረሰበት ታውቋል። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 እንዳጋለጠው፣ ጄኔራል ሞተርስ የደንበኞቹን አነዳድ መዝገብ ለመረጃ ነጋዴዎች ሲያስተላልፍ፣ እነሱም ለመድን ድርጅቶች ሲሸጡ ኖረዋል። ፍሬን በኃይል የረገጠ ሰው ዓረቦኑ የጨመረበትን ምክንያት ሳያውቅ ይከፍላል። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ክስ፣ ኩባንያው መኪናው ያለበትን ቦታ አንዳንዴ በየ3 ሴኮንዱ ይሰበስብ ነበር ብሏል። በእኛ አገር የሦስተኛ ወገን መድን የሚተመነው በተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት ስለሆነ፣ የፍሬን አረጋገጥ እስካሁን ዋጋ አልወጣለትም።

ሕግ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ታዲያ ያ ጥላ ሥር የቆመው ሹፌር፣ ሳጥኗ ማታ እሱ ቤት ደጃፍ ላይም እንደምትናገር ማን ነግሮት ያውቃል?

የቤት መኪና የያዘ ሰውም ይህ የጭነት ሰዎች ጣጣ ነው ብሎ አይለፈው። ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲሙን ከፋብሪካ ይዘው ነው የሚወለዱት፤ ሳጥን የሚገጥምላቸው አያስፈልግም። የአንዳንዶቹ ስክሪን ቻይንኛ በመሆኑ ገዢው የተስማማበትን ውል ማንበብ እንኳ አይችልም። እንዲህ ያለ መኪና ሲሸጥ ደላላው ሊብሬውን ያያል፣ ስም ይዛወራል፣ ሁለት ቁልፍ ይቆጠራል። መኪናውን ካርታ ላይ የሚያሳየው አፕ ግን፣ የሚጠይቅ ከሌለ፣ የቀድሞው ባለቤት ስልክ ላይ እንደተከፈተ ሊቀር ይችላል።